«ይሄ እኔ ነኝ»

ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆምኩ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ካፊያው ጀምሯል። ልጁ መጽሐፎቹን በላስቲክ እየሸፈነ «ጋሼ፣ አንዱን ያንሱልኝና ልግባ» አለኝ።

ሽፋኑ የተገነጠለ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» አነሳሁ። ቤት አለኝ እኮ! የገዛሁት ጠርዙ ላይ ለተጻፈው ነገር ነው። የባላባቱን ሥርዓት እየተቸ እንደ እብድ የሚቆጠረው ጉዱ ካሳ በሚናገርበት ገጽ ጥግ፣ በእርሳስ፣ «ይሄ እኔ ነኝ» ይላል። ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «እኔም»። ሁለቱ የሚተዋወቁ አይመስለኝም።

ሳቄ መጣ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ታሪኩም የጎጃም። ወሎ ቁጭ ብሎ ግን አንባቢው ሁሉ ጉዱ ካሳ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አፍቃሪው በዛብህ ነበርኩ። (የጎደለችው ፍቅረኛው ሰብለ ብቻ ነበረች።)

የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን «ይሄ እኔ ነኝ» ያለ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው፣ ጠያቂውን ሁሉ እየመለሱ ቤት ያስቀሯትን ሰውዬ ማን ይፈልጋቸዋል?

ባጃጅ ውስጥ ገልጬ ሳነብ ያለፈው እሁድ ትዝ አለኝ። ታናሽ እህቴ ስለ አንድ ልጅ ልታወራኝ ጀመረች። ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ ከአፌ የወጣው «የማን ልጅ ነው?» ነበር። ዝም አለች። ቡናዬን ቀድታልኝ ወጣች።

እርሳስ አወጣሁ። ፊታውራሪ ያሉበትን ገጽ ፈልጌ አገኘሁ። ሸዋ በር ስንደርስ ገና ምንም አልጻፍኩም ነበር።