ሙረን፣ በድርቆሽ ጊዜና በበረዶ ጊዜ

ሙረን ወደምትባለው የተራራ መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በሚያዝያ መጨረሻ ነበር። የምኖረው በርን ነው። ስዊዘርላንድ ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ፣ የአልፕስን ተራሮች ከባቡር መስኮት በቀር በቅጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ፎቶ ላይ ያየሁት አረንጓዴ መስክ፣ የእንጨት ቤቶች፣ ከኋላቸው ደግሞ አይገር፣ ሞንሽና ዩንግፍራው የሚባሉት ሦስት ነጫጭ ተራሮች ተደርድረው ነው። እሱን አገኛለሁ ብዬ ወጣሁ።

ስደርስ ሆቴሎቹ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ምግብ ቤቶቹም እንደዚያው። ወደ ሺልትሆርን ተራራ ጫፍ የሚያወጣው ኬብል ካር፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ማመላለሻ፣ ለጥገና ቆሟል። መስኩ ቡኒ ነው፤ ገና ከበረዶ ስር መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ መሬት ላይ እንደተኛ ነው፣ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ አሮጌ በረዶ ተጋግሯል። እኔ ስኒከር ነው ያደረግኩት። አንዱ ቁልቁለት ላይ አዳልጦኝ በክንዴ ወደቅኩ፣ ሁለት ሳምንት አመመኝ።

ነገሩን በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያስረዳችኝ። የበረዶ ሸርተቴው ጊዜ ካለቀ በኋላ፣ የበጋው እንግዳ ሳይመጣ፣ መንደሩ ያርፋል። ኬብል ካሩ የሚጠገነው፣ ሠራተኛውም ፈቃድ የሚወጣው ያኔ ነው። ኅዳር ላይም እንዲሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ቲኬት ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ፤ ኬብል ካሩ የሚዘጋበትን ቀንና ተራራው ላይ የተተከለው ካሜራ በኢንተርኔት የሚያሳየውን። ካሜራው የዛሬውን ነው የሚያሳየው፣ ፎቶ ግን መቼ እንደተነሳ አይታወቅም።

ተናድጄ ነበር የተመለስኩት። ግን ያ ቡኒ ሣር ከአእምሮዬ አልወጣም። ምን ይሆናል ቀጥሎ? በዚያ ዓመት አራት መንደር ለማየት ያሰብኩትን ትቼ አንዱን መንደር አራት ጊዜ ለማየት ወሰንኩ። ሃልብታክስ የሚባለውን ዓመታዊ ካርድ አወጣሁ፤ ባቡሩንም ኬብል ካሩንም በግማሽ ዋጋ ያስኬዳል። ከበርን በኢንተርላከን አድርጎ ላውተርብሩነን፣ ከዚያ በኬብል ካርና በትንሿ የተራራ ባቡር ሙረን። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መንደሩ ውስጥ መኪና አይገባም፣ ነዋሪውም ከ500 በታች ነው።

አንድ ነገር ተሳስቼ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሙረን 1,640 ገደማ። ስለዚህ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ብርዱ አዲስ አይሆንብኝም ብዬ አሰብኩ። ከፍታውን ብቻ ነበር ያየሁት። ያ አገር ከምድር ወገብ በጣም ሩቅ ስለሆነ ቀኑ በታኅሣሥ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ወደ 16 ሰዓት ይጠጋል። እኛ ጋ ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው፣ እዚያ ብርሃን። እናቴ ሐምሌ ላይ ደውላ «ልጄ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞሃል?» ስትለኝ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር፣ እኔ በቲሸርት ውጪ ተቀምጬ ፀሐይዋ ገና መጥለቋ ነው። «እዚህ አሁን በጋ ነው እማዬ» ስላት ዝም አለች።

ይህ ሁለተኛው ጉዞዬ ነበር፣ ከሁሉም የምወደው። ከሙረን ወደ ታች ጊመልቫልድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያ ድርቆሽ እያጨዱ አገኘኋቸው። ቁልቁለቱ ማሽን የማያስኬድ ቦታ አለ፣ እዚያ በረጅም እጀታ ማጭድ ቆመው ያጭዳሉ። ሽማግሌው፣ ልጁ፣ የልጅ ልጁ፣ ሁሉም መስኩ ላይ ናቸው፣ ምክንያቱም ዝናብ የሌለባቸው ሁለት ሦስት ቀናት ሲገኙ ሣሩ ታጭዶ፣ ተገላብጦ፣ ደርቆ ጎተራ መግባት አለበት። ቆሜ ሳይ አንድ አዛውንት የእንጨት መሰብሰቢያ ሰጡኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ሣር ስሰበስብ ዋልኩ። ጀርመንኛዬ ብዙም አያስኬድም፣ ግን ሱሉልታ አያቴ ጋ በጥቅምትና በኅዳር ድርቆሽ ሲታጨድ ስላደግኩ እጄ ሥራውን ያውቀዋል። መንሽ ሲያቀብሉኝ ሳልጠየቅ መከመር ጀመርኩ። አዛውንቱ ሳቁ። «በክረምት ና፣ ላሞቹ ሲበሉት ታያለህ» አሉኝ።

መስከረም ላይ ያየሁት ጥቂት ነው። በሰኔ ወደ ላይኛው ግጦሽ የወጡት ላሞች አበባ ተደርጎላቸው፣ ትልልቅ ቃጭል አንጠልጥለው የሚወርዱበትን ቀን ለማየት ነበር የሄድኩት፤ ሁለት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ቀኑ እንደ ሣሩና እንደ አየሩ ይለያያል፣ አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነበር የሚሻለው። አይብ ገዝቼ ተመለስኩ።

በጥር ስሄድ በርን ሁለት ሳምንት ሙሉ ጉም ውስጥ ነበረች። ሰው በዚህ ጊዜ ይከፋዋል፣ በተለይ የኛ ሰው፤ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል። ጉሙ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው የሚተኛው። ኬብል ካሩ ከሸለቆው ሲወጣ ፀሐይ ፊቴ ላይ ወጣች፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፣ ከታች በሩቁ የጉም ባሕር። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ያለፉትን ዓመታት እንደዚያ አላሳልፍም ነበር። በጥር የጨለመበት ወገን ካለ እባካችሁ አንድ ቀን ወደ ላይ ውጡ።

ሙረን የመጀመሪያው የአልፓይን ስኪ (የቁልቁለት በረዶ ሸርተቴ) የዓለም ሻምፒዮና በ1931 እ.ኤ.አ. የተካሄደባት ናት፣ ስለዚህ ሁሉም ስኪ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እኔ በእግሬ ነው የሄድኩት። በክረምት ለእግረኛ የተጠረገው መንገድ ሮዝ ምልክት አለው፤ ቢጫው የበጋው ነው፣ በረዶ ሲሸፍነው የት እንደሚያደርስ አይታይም፣ የበረዶ ናዳም አለ። ከሮዙ አልወጣሁም። ጫማዬ ላይም ጥርስ ያለው ላስቲክ አጥልቄያለሁ።

ጊመልቫልድ ስደርስ አዛውንቱ አወቁኝ። የጎተራውን በር ከፈቱት። ውጪ በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ ውስጥ የሐምሌ ሽታ ነበር፣ ያኔ ላቤ ጠብ እያለ የሰበሰብኩት ሣር ሽታ። እስከ ጣሪያው ተከምሯል። አዛውንቱ በመንሽ አንድ ክምር አወረዱና ላሞቹ ፊት በተኑት፣ ከዚያ መንሹን ለእኔ አቀበሉኝ።