«ካል» ትናንትም ነው፣ ነገም ነው

ለንደን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል በሚባለው ሠፈር በሚገኝ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ የባንግላዴሽ ሴቶች በበጎ ፈቃድ ረዳት መምህርት ሆኜ ማገልገል ጀመርኩ። እዚያ ያለው የቤንጋሊኛ ተናጋሪ ብዛት ለአዲስ መጤ ያስገርማል። ሠፈሩ የሚገኝበት የታወር ሃምሌትስ ክፍለ ከተማ ከነዋሪዎቹ ሲሶው ያህል የባንግላዴሽ ዝርያ እንዳላቸው የ2021 የሕዝብ ቆጠራ ያሳያል፤ የባቡር ጣቢያው ስምም ከ2022 ጀምሮ በቤንጋሊኛ ፊደል ጭምር ተጽፎ ይነበባል። እኔ ደሴ ሳለሁ አማርኛ አስተምር ስለነበር ሰዋስው አዲስ ነገር አይሆንብኝም ብዬ ነበር የገባሁት።

የመጀመሪያው ሥራዬ የመልመጃ ወረቀት ማደልና ማረም ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል ከዳካ የመጡ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ነበሩ። እሳቸው እኔን «አፓ» ይሉኛል፤ እትዬ እንደማለት ነው፤ በዕድሜ ቢበልጡኝም መምህር በመሆኔ ነበር እንዲህ የሚያከብሩኝ። እኔም እንደ ሌሎቹ «ኻላ» ማለትን ለመድኩ፤ የእናት እኅት፣ አክስት ማለት ነው። ኻላ ስለ ታመሙት ባለቤታቸው በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሁልጊዜ «ሺ» (እሷ) ይላሉ፤ ስለ ሴት ልጃቸው ሲያወሩ ደግሞ አንዳንዴ «ሂ» (እሱ) ይሆናል። በየሳምንቱ በቀይ ይሰመርባቸዋል፤ በየሳምንቱም ይደገማል።

አንድ ቀን ያንኑ ዐረፍተ ነገር በቋንቋቸው እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። በመደበኛው ቤንጋሊኛ «ሼ» የሚለው ተውላጠ ስም ወንድንም ሴትንም እንደሚያመለክት፣ ለሚከበር ሰውም «ቲኒ» እንደሚባል፣ እሱም ቢሆን ጾታ እንደማይለይ አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት አስረዳችኝ። ያን ጊዜ የራሴ ቋንቋ ትዝ አለኝ። «እሳቸው ታመዋል» ብል ሰሚው አባቴ ይሁኑ እናቴ ከቃሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም፤ አክብሮቱን እንጂ ጾታውን አልነገርኩትም። ኻላ ባለቤታቸውን ሲጠሩ በአእምሯቸው ያለው ይህን የመሰለ ቃል ነበር። ግድ የለሽነት አድርጌ ስቆጥርባቸው የነበረውን ነገር ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ትቼ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ይዘው እንዲመጡ አደረግኩ። እያንዳንዷ ተማሪ ፎቶውን በጣቷ እየነካች፣ ስለ ወንድሟ አምስት ዐረፍተ ነገር፣ ስለ እናቷ አምስት ዐረፍተ ነገር ትናገራለች። በባዶ ቦታ ውስጥ ቃል ከመሙላት ይህ እጅግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጾታውን ከቃሉ ጋር የሚያያይዘው የምታውቀው ሰው ፊት ነውና።

ቀስ በቀስ የየስሕተቱን ምንጭ መፈለግ ዋና ሥራዬ ሆነ። «ልጄ ኢንጂነር» ብለው በእንግሊዝኛ «ኢዝ»ን የሚዘሉት በቤንጋሊኛ የአሁን ጊዜ ውስጥ እንደ እኛ «ነው» ያለ ማሰሪያ ስለማይነገር ነው። «ሁለት መጽሐፍ» ብለው የብዙ ቁጥር ምልክቱን የሚተዉት ደግሞ ቁጥሩ ከተጠቀሰ ስሙ በነጠላ መቅረቱ በቋንቋቸው ትክክል ስለሆነ ነው፤ እኛስ «ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ» እንል የለ? «ቦይታ» ሲሉም «ታ» የምትለዋ ከቃሉ መጨረሻ ተለጥፋ የታወቀነትን ታመለክታለች፤ ልክ «መጽሐፉ» እንደምንለው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ዘ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ከስሙ ፊት ለብቻዋ መቆሟ ለእነሱም ለእኔም እኩል አስቸጋሪ ናት።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ የ«ካል» ነገር ነው። በቤንጋሊኛ «ካል» ትናንትም ነገም ማለት ይሆናል፤ «ፖርሹ» ደግሞ ከትናንት ወዲያም ከነገ ወዲያም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በግሱ ነው። አንዲት ወጣት እናት የልጇን የሐኪም ቀጠሮ ለማስለወጥ ደውላ በእንግሊዝኛ «ትናንት መምጣት አልችልም» ትላለች። ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ ያለፈ ቀጠሮ መስሏት መልሳ ሳትጠይቅ ዘጋችው፤ በማግሥቱም ልጁ ከቀጠሮው እንደቀረ ተመዘገበበት። አንድ ጥያቄ ብትጠይቃት ኖሮ ነገሩ ይፈታ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጊዜ ቃልን ለብቻው ማስጠናት ተውኩ፤ «ትናንት» ከ«ሠራሁ»፣ «ነገ» ከ«እሠራለሁ» ጋር ተጣምረው በአንድ ካርድ ላይ እንዲጻፉ፣ ምሳሌውም ሁልጊዜ ከየቤታቸው የወጥ ሥራ እንዲወሰድ አደረግኩ።

በቃላት ጥናት ላይ «ኻዋ» የሚለው ግስ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። መብላት ነው፤ ነገር ግን ውኃም፣ ሻይም፣ ሲጋራም፣ መድኃኒትም «ይበላሉ»፤ በእንግሊዝኛ ግን ለመጠጣት፣ ለማጨስና መድኃኒት ለመውሰድ የተለያዩ ግሶች ያስፈልጋሉ። ጉቦም እንደሚበላ ሲነግሩኝ በእኛም እንዲሁ ነው ብዬ መለስኩላቸው። «ሂሳብ» የሚለውን ቃላችንን «ሂሻብ» ብለው እንደሚጠቀሙበት፣ ብዕርን «ኮሎም» ማለታቸው ከእኛ «ቀለም» ጋር እንደሚዛመድ፣ «ዱኒያ»ንም ወሎ እንደሚያውቃት ስነግራቸው ክፍሉ ሞቀ።

እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን አብረን ወደ አልታብ አሊ መናፈሻ ሄድን። እዚያ የዳካው የሰማዕታት ሐውልት አምሳያ ቆሟል። በ1952 ቤንጋሊኛ ከያኔዋ ፓኪስታን የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ እንዲሆን ጠይቀው የወጡ ተማሪዎች በዳካ በጥይት የተገደሉት በዚህ ዕለት ነው፤ ዩኔስኮም በ1999 ቀኑን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን አድርጎታል። ኻላ ካስቀመጡት አበባ አጠገብ ቆመው ወላጆቻቸው በዚያን ዘመን ዳካ ውስጥ ተማሪዎች እንደነበሩ በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። ስለ አባታቸው «ሂ» እያሉ ጀመሩ፤ ወደ እናታቸው ሲደርሱ ዝም አሉ፤ ጣታቸውን ፎቶግራፍ እንደሚነኩ ሁሉ አነሱና «ሺ» ብለው ቀጠሉ።