መብራቱ ሳይጠፋ የከረመበት ክፍል

የአይጥ ስሚር (ከሴት አይጥ ብልት ተወስዶ ስላይድ ላይ የሚቀባ የሴል ናሙና) ማንበብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ የማየው ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የአይጧን የመራቢያ ዑደት ደረጃዎች ለመለየት ክብ፣ ኑክሊየሳቸው የሚታይ ሴሎች ከበዙ ፕሮኢስትረስ፣ እንደ ቅርፊት የደረቁ ሴሎች ከሞሉት ኢስትረስ፣ ነጭ የደም ሴሎች ከወረሩት ደግሞ ዳይኢስትረስ እላለሁ። ሜትኢስትረስ የሁሉም ድብልቅ ስለሆነ አሁንም ያስቸግረኛል። አንዱ ዙር 4 ወይም 5 ቀን ነው።

ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት አይጦች በየቀኑ ኢስትረስ ብቻ ሆኑብኝ። አነባበቤ የተበላሸ መሰለኝ፣ ስላይዶቹን እንደገና ቀለም ቀባሁ፣ ለሌላ ሰውም አሳየሁ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ማታ ክፍሉን ብከፍት መብራቱ ቦግ ብሏል። 12 ሰዓት አብርቶ 12 ሰዓት ማጥፋት የነበረበት ታይመር ተበላሽቶ ለሳምንታት ቀን ከሌት ሲበራ ከርሟል። ማታ ገብቼ አይቼ ስለማላውቅ ጥፋቱ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይጥ እንቁላል የምትለቀው ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ስለጨመረ ብቻ አይደለም፤ አንጎሏ ውስጥ ያለው ሰዓትም "አሁን" ማለት አለበት። ሁለቱ ሲገጥሙ በፕሮኢስትረስ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤልኤች (እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገው ሆርሞን) በአንዴ ይወጣል፣ ሌሊት እንቁላሉ ይለቀቃል። ኤቨረትና ሶየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳዩት በጣም ገርሞኛል፦ በዚያ ቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አይጧን በመድኃኒት ካደነዘዟት እንቁላሉ በ24 ሰዓት ይዘገያል። ጥቂት ሰዓት አመለጠ ማለት አንድ ሙሉ ቀን አመለጠ ማለት ነው!

መብራቱ ጨርሶ ካልጠፋ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይዛባል፣ ኤልኤችም አይወጣም። ፎሊክሉ (እንቁላሉን የያዘው ከረጢት) ያድጋል ግን አይፈነዳም። የአንዷን ኦቫሪ (እንቁላል የሚያፈራውን አካል) ቆርጠን ስናይ ግድግዳቸው የሳሳ፣ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ሞልተውታል፤ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚፈጠረው ቢጫ አካል ግን አንድም የለም። ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን የሚያመነጨው ይህ ቢጫ አካል ነው። እሱ ከሌለ ኢስትሮጅን ብቻውን ይቀራል፣ ስሚሩም ኢስትረስ ላይ ተቸንክሮ ይቆያል። ለካ በትክክል ነበር ሳነብ የነበረው።

በቀጥታ ወደ ሴቶች እንዳትወስዱት አደራ። የሰው እንቁላል መለቀቅ እንዲህ ከቀኑ ሰዓት ጋር የታሰረ አይደለም።

ታይመሩን ቀይረናል፣ አሁን ማታ ማታ ገብቼ ጨለማውን አረጋግጣለሁ፣ መዝገቡ ላይም እፈርማለሁ። ትናንት ከቀሩት አንዷ ስላይድ ላይ ነጭ የደም ሴሎች አየሁ። ከስንት ሳምንት በኋላ "ዳይኢስትረስ" ብዬ ጻፍኩ።