ያለ ጉዳይ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት «አባዬ፣ ዛሬ በመኪና ወጣ ብለን ትንሽ እንዙር» ስላቸው አባቴ የመለሱልኝ «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ነው።

ማንም አልሞተም። ሰርግ የለም፣ ተዝካር የለም፣ የሚጠየቅ በሽተኛም የለም። «እንዲሁ አዋሽን ተከትለን ደርሰን እንመለስ» አልኳቸው። ይህ ነገሩን አባሰው። በእኛ ቤት ሰው መኪና ላይ የሚወጣው ለጉዳይ ነው፤ ያለ ጉዳይ ቤንዚን ማቃጠል ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ያውም ከዚያ ሁሉ ሰልፍ በኋላ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ሂዱ እንግዲህ፣ ቤቱን ላጽዳበት» ባትል ኖሮ ዛሬም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። አባቴ ኮታቸውን ደረቡ፣ ከዘራቸውን ያዙና አሮጌዋ ቪትዝ ውስጥ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሆኖም አዋሽን አይቼዋለሁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አፌን ሞልቼ «አዎ» ማለት እቸገራለሁ። ስሙን በባንክ ደጃፍ ላይ አነባለሁ፣ በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ አነባለሁ። ውኃውን በቧንቧ እጠጣለሁ። ወንዙ ራሱ ግን ዓይነ አፋር ነው፤ ከመንገድ ርቆ፣ በግራርና በሸንኮራ ተጋርዶ፣ ገደል ውስጥ ገብቶ ይሄዳል።

መጀመሪያ ወደ ወንጂ ወረድን። ከከተማው ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጥቅምት ፀሐይ ጠንከር ብሏል፣ አቧራው ገና አልተነሣም። ደረቁ ጉብታ ሲያልቅ ሜዳው በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆነ፤ ሸንኮራ፣ ቦይ፣ ሸንኮራ፣ ቦይ። አባቴ ከመቀመጫቸው ወደ ፊት ተጠጉ። ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ ሜዳ ትራክተር ነድተዋል፤ ከማሳ ወደ ፋብሪካ የሸንኮራ ጋሪ ሲጎትቱ ኖረዋል። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ የተከሉት ሆላንዶች ናቸው። አባቴ የተወለዱት በ1945 ስለሆነ «በአንድ ዓመት ታላቁ ነኝ» ማለት ይወዳሉ። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ከተዘጉ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ አዲሱ ዶዶታ በኩል ነው። ታላቁ ግን ይኸው አሉ።

መስኮቱን ዝቅ አድርገው አየሩን ሳቡ። «አይሸትም» አሉ።

ሞላሰሱን ማለታቸው ነው። ልጅ ሳለሁ ከሥራ ሲመለሱ ልብሳቸው ላይ የሚቀረው ያ ከባድ፣ ጣፋጭና ጎምዛዛ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ለቆረጣ ማሳው በእሳት ሲለቀቅ ደግሞ ጥቁር ጥላሸት እየበረረ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፍ ነበር፤ ሴቶቹ ነፋሱን አይተው ነበር የሚያሰጡት። አባቴ በጣታቸው አንድ ማሳ አሳዩኝ። «እዚህ ጋ ሌሊት ጉማሬ መጣብኝ። መብራቱን ሳበራበት ሸንኮራውን እያኘከ ዝም ብሎ አየኝ። እኔ ነኝ ወደ ኋላ የነዳሁት።» ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት አልነገሩኝም። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን ጉማሬው ለመምጣት መኪና ፈለገ።

«ወንዙስ የት ነው?» አልኳቸው።

«ከሸንኮራው ወዲያ» አሉና በከዘራቸው ወደ አድማሱ ጠቆሙኝ። ያ ሁሉ አረንጓዴ በፓምፕ ተስቦ በቦይ የተበተነ አዋሽ ነው፤ ወንዙ ግን አይታይም።

የአባቴ ጥርስ ቡናማ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ሲጋራ የሚያጨሱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በሕይወታቸው አጭሰው አያውቁም። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ አለበት፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ያን ይዞ ይወጣል፤ በሕፃንነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ እንዲህ ይሆናል፣ ሲብስበትም አጥንቱ ይጎብጣል። የሚገርመኝ የወንዙ ውኃ ከጉድጓዱ ይልቅ ፍሎራይዱ አነስተኛ መሆኑ ነው። ወንዙ ሸንኮራውን ያጠጣል፤ ልጆቹ ጉድጓዱን ይጠጣሉ። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርሁም። እሳቸውም መስተዋቱ ውስጥ ጥርሳቸውን ሲያዩ አላየሁም።

ከወንጂ ተመልሰን የአሰላን መንገድ ያዝን። መንገድ ላይ ስለ ቆቃ ተከራከርን። ግድቡ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋዋት ገደማ ያመነጭ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ከበታቹ በዚሁ ወንዝ ላይ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት የሆኑ ሁለት ማመንጫዎች ተጨመሩ። እኔ ከከተማችን በላይ ጋራው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ብቻቸውን 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም እንዳላቸው ስነግራቸው አባቴ ተቀየሙ። «ነፋስ ዛሬ አለ ነገ የለም» አሉ። ክረምት ቆቃ ሞልቶ ውኃው ሲለቀቅ ወንጂ እንዴት ይጥለቀለቅ እንደነበር የሚያውቁ ሰው ለወንዙ ሲከራከሩ መስማት ደስ ይላል።

አዋሽ መልካሳ ስንደርስ የግብርና ምርምር ማዕከሉን አለፍን። እዚያ ያወጧቸው የቦሎቄ ዝርያዎች «አዋሽ 1» እና «አዋሽ መልካ» ይባላሉ። ቦሎቄ እንኳ ስሙን ወስዷል ብዬ ሳቅሁ። ወደ ሶደሬ የሚወስደውን መንገድ ሳሳያቸው አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ገላ ለመታጠብ ቤት አለኝ።» እኔ ሶደሬን የማውቀው በተማሪነቴ ነው፤ ከመሬት እየፈላ የሚወጣው ውኃ፣ ወገባቸውን የሚያሹት እናቶች፣ ዳቦዬን ከእጄ ነጥቃ ዛፍ ላይ የወጣችው ጦጣ። ከገንዳው ማዶ አዋሽ ያልፍ ነበር፤ «አዞ አለ» ተብለን ስለተከለከልን ዞረን እንኳ አላየነውም።

ድልድዩ ጋ መኪናዋን ጥግ አስያዝኩ።

አባቴ ወረዱ። መልካ ማለት በኦሮምኛ መሻገሪያ ነው፤ ድልድይ ሳይኖር ሰውና ከብት እዚህ ይሻገር ነበር ማለት ነው። ውኃው የክረምቱን ጭቃ ገና አልጣለም፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ሲሄድ ድምፅ የለውም። ያን ያህል ሰፊም አይደለም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ አፈርሁበት። ይህን ሁሉ ስኳር፣ ይህን ሁሉ መብራት የሰጠው ይህ ነው?

«እዚህ ቁመቴን ሙሉ ቆሜ አይቼው አላውቅም» አሉ አባቴ። «ሁልጊዜ መሪ ይዤ ነበር።»

ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያልቅ፣ ባሕር እንደማይደርስ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«መንገድ ላይ ስንቱን አብልቶ ምን ተርፎት ይደርሳል?»

ደራን አልፈን ጥቂት ከወጣን በኋላ ዞረን ቁልቁል አየን። ሸለቆው ገርጥቶ ተዘርግቷል፣ ቦሰት ተራራ ብቻውን ቆሟል፣ ወንዙ ጠፍቷል። ቀጭን የዛፎች መሥመር ብቻ ነው የሚታየው። አባቴ ያን መሥመር በከዘራቸው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር አየር ላይ አሰመሩት።

ስንመለስ መንገድ ዳር ሽንኩርት በየከረጢቱ ተደርድሮ ሲያዩ «ቁም! ቁም!» አሉ። በመስኖ የደረሰ፣ ገና ጭቃው ያልደረቀ ሽንኩርት። ከልጁ ጋር እስኪሳሳቁ ተከራከሩ፣ መርቀው ከፈሉ፣ ከረጢቱንም ኋላ ወንበር ላይ አስጫኑ። ከዚያ በኋላ እስከ አዳማ ድረስ ዘና ብለው ተኙ።

እናቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሽንኩርቱን ነው። «እንዲህ አትሉም ኖሯል!» አለችና ሚዛኑን ልታመጣ ገባች።