አንድም ቀዳዳ ሳልበሳ

የአሮጌዋን ቮልሴን ዳሽቦርድ ሳልቆርጥ ዘመናዊ ድምፅ የማስገባት ሥራዬ ዛሬ ማታ አለቀ ማለት እችላለሁ። እጄ አሁንም ማጣበቂያ ማጣበቂያ ይሸታል፤ የቀኝ አውራ ጣቴን ሽቦ ወግቶት አብጧል። ቮልሷ ውስጥ ገብቼ የሬዲዮውን ማዞሪያ ወደ ቀኝ ሳዞረው ያቺ የማውቃት «ቀጭ» ተሰማች፣ የጣቢያ ማሳያው ቢጫ መብራት በራ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ዘፈኑ ከዳሽቦርዱ ወጣ። አራት ወር የደከምኩት ለዚህች ሁለት ሰከንድ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስ ናት። ዓመቱ ለዚህ ሥራ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ቮልሶች አብዛኞቹ ባለ 6 ቮልት ነበሩ፣ የእኔዋ ግን ባለ 12 ቮልት ሆና የወጣች ናት። ባለ 6 ቮልት ብትሆን ኖሮ ለዛሬ መኪና የተሠራ አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) ሁሉ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ካልተጨመረለት አይነሳላትም ነበር።

ሬዲዮው መኪናዋ እጄ ከገባች ቀን ጀምሮ ድምፅ የለውም። መብራቱ ይበራል፣ መርፌው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ አምስቱ የጣቢያ ቁልፎች ሲጫኑ ደስ በሚል ክብደት ይገባሉ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚይዙት ትንንሽ ክፍሎች፣ ደርቀዋል መሰለኝ። እኔም ትንሽ ተንቀሳቃሽ ስፒከር ጋቢና ላይ አስቀምጬ ከስልኬ እያገናኘሁ እነዳ ነበር። ኩርባ ላይ ስትንከባለል በአንድ እጄ እይዛታለሁ። እሱስ ይቻላል። ያስጨነቀኝ ድምፁ የመኪናዋ አለመሆኑ ነው። የማላውቀው ሰው አጠገቤ አስቀምጬ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

የሚያውቁኝ ሁሉ የሰጡኝ ምክር አንድ ነው፦ ዳሽቦርዱን ትንሽ ሰፋ አድርገህ ቁረጠውና ዘመናዊ ቴፕ ግጠምበት። እንደዚያ የተደረገች ቮልስ አይቻለሁ። ቴፑ ቆይቶ ተነቅሏል፤ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ ቀርቷል። ላሜራዋንና ቀለሟን የሠሩልኝን ጋሼን ሳማክራቸው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ ዝገት የበላውን እመልስልሃለሁ» አሉኝ። «በገዛ እጅህ የቆረጥከውን ግን አምጥተህ እንዳታሳየኝ።»

ያን ዕለት ማታ ደብተሬ ላይ ሦስት መስመር ጻፍኩ። አዲስ ቀዳዳ አይበሳም። የፋብሪካ ሽቦ አይቆረጥም። የገባው ሁሉ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈትቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያጋጠመኝ ችግር ሁሉ ከእነዚህ ሦስት መስመሮች የመጣ ነው፤ ቢሆንም አንዷንም አልፋቅኋትም።

ድምፅን መኪና ውስጥ መደበቅ የዛሬ ፈሊጥ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከመኪና ሬዲዮ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የጋልቪን ወንድማማቾች ኩባንያ «ሞቶሮላ» ብሎ የሰየመውን ሬዲዮ ለገበያ ሲያወጣ፣ ዳሽቦርድ ላይ ለሬዲዮ የተተወ ቦታ ገና አልነበረም። በዚያ ዘመን ስፒከሩ ከዳሽቦርድ ስር ይንጠለጠላል፣ ባትሪዎቹ ከወለሉ በታች ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ አንቴናው በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ ይዘረጋል፤ ሾፌሩ እጅ የሚገባው መሪው ዘንግ ላይ የታሰረች ትንሽ መቆጣጠሪያ ብቻ ናት። ብዙ ቮልሶችም ከፋብሪካ ያለ ሬዲዮ ነው የወጡት፤ የሬዲዮው ቦታ በክዳን ተደፍኖ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሥራውን በሌላ ዓይን አየሁት፤ የቀድሞዎቹ የሠሩበትን መንገድ እንደምከተል ተሰማኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ኤሌክትሪኩን መቁጠር ነበረብኝ። የዚህች መኪና ዲናሞ ሙሉ አቅሙ 30 አምፔር ገደማ ነው፤ በ12 ቮልት 360 ዋት ማለት ነው። ያውም ሞተሩ ሲሽከረከር። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በቀስታ ሲዞር፣ ከሆነ የሚሰጠው ከቁጥር አይገባም፤ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ጭል ጭል ስትል ራሷ ትናገራለች። ማታ የፊትና የኋላ መብራት፣ ለካንዴላዎቹ ኃይል የሚሰጠው ኮይል፣ ዝናብ ካለ መጥረጊያው ሲደመሩ ግማሹን ይወስዳሉ። ስለዚህ ክላስ ዲ የሚባለውን አምፕሊፋየር መረጥኩ። የድሮዎቹ አምፖች ከሚወስዱት ኃይል ግማሽ የሚሆነውን ወደ ሙቀት ሲቀይሩት ይህኛው አብዛኛውን ወደ ስፒከር ይልካል፤ መጠኑም ከመጽሐፍ አይበልጥም። አራት መውጫ አለው፣ እያንዳንዱ 50 ዋት። 200 ዋት ሲባል ያስፈራል፤ ሙዚቃ ግን እንደ አምፖል ያለማቋረጥ አይስብም። ደህና አድርጌ ከፍቼ ስለካው በአማካይ ከ3 አምፔር አልዘለለም።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው። አምፑን በግራ በኩል፣ ባዶው ቦታ ላይ አደረግኩት። እዚህ ላይ ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ የምፈልገው ነገር አለ። የወንበሩ ሞላ ብረት ነው፣ የባትሪው ራሶች ከስሩ ናቸው። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ ሁለቱን ራሶች ከነካ ብልጭታ ይፈጠራል፤ የወንበሩ ሙሌት ደግሞ ደረቅ ጭረትና ፀጉር ስለሆነ እንደ ጭድ ይያያዛል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለችው በዚህ ነው። ፋብሪካው ለባትሪው ክዳን ይሠራለት ነበር፤ የእኔዋ ላይ ክዳኑ ጠፍቷል። ሙዚቃ ፍለጋ ወንበሩን ባላነሳ ኖሮ አላውቅም ነበር። ከምንም ነገር በፊት ያን ክዳን አስገኘሁ፣ ቀጥሎ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ 25 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ፤ ሽቦው የትም ቦታ ተፍቆ ላሜራ ቢነካ ፊውዙ ቀድሞ እንዲቃጠል።

ሙዚቃውን ከስልኬ ያለ ገመድ የሚቀበለው ብሉቱዝ መቀበያ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ነው። የፊት ኮፈኑን ከፍቶ የካርቶን መሸፈኛውን ላነሳ ሰው የዳሽቦርዱ ጀርባ እንዳለ ይታያል፤ ይህን ያሰበ መሐንዲስ ነፍሱን ይማረው። መቀበያውን በብረት ሳጥን መዝጋት አልቻልኩም፤ ብረት ሞገዱን ያግደዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ የእቃ ማስቀመጫ ውስጠኛ ክፍል ግን ካርቶን ስለሆነ ከእሷ ጎን አስጠጋሁት። ስልኩን እዚያው ውስጥ ጥዬ እዘጋዋለሁ፤ ሳይቆራረጥ ይሰማል።

አሁን ወደ «ቀጭ»ዋ ልምጣ። የድሮ ሬዲዮዎችን አንጀት አውጥተው ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚያስገቡ ባለሙያዎች አሉ፤ ፊቱ ያው ይሆናል፣ ውስጡ አዲስ። ሥራቸው ያምራል። እኔ ግን ጨከንኩ ማለት አልቻልኩም። ካፓሲተሮቹን የሚቀይርለት ሰው አንድ ቀን ይገኛል፣ ያኔ ሬዲዮው ከነአካሉ መጠበቅ አለበት ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ የወሰድኩት ማብሪያውን ብቻ ነው። ማዞሪያው «ቀጭ» ሲል ለማሳያው መብራት 12 ቮልት ይሄዳል፤ ከዚያ ላይ በቅንጥብ አንድ ቀጭን ሽቦ ይዤ ሪሌ፣ በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ አስነሳሁበት። ሪሌው 0.15 አምፔር ገደማ ቢወስድ ነው፣ አሮጌውን ማብሪያ አያስጨንቀውም። ሪሌው መቀበያውንና አምፑን ያነሳል። አሁን በዚህች መኪና ሙዚቃ ለመስማት ሌላ መንገድ የለም፤ ዱሮ ሰው ያዞረውን ያንኑ ማዞሪያ ማዞር ነው።

መጀመሪያ ያስነሳሁት ዕለት ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ሞተሩ ሲነሳ ከስፒከሩ «ዊ...» የሚል ፉጨት መጣ፤ ነዳጅ ስሰጥ ፉጨቱም ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ካንዴላዎቹ ናቸው ብዬ ባለ ሬዚስተር ካንዴላ አስገባሁ። በመሀል የምትሰማ ቅጭልጭል ነበረች፣ እሷ ጠፋች፤ ፉጨቱ ግን እንዳለ ነው። ዲናሞው ላይ የኤሌክትሪክ ጫጫታ የሚውጥ ኮንደንሰር ጨመርኩ፤ ትንሽ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሐኪም በሽታውን ከየት እንደሚጀምር መፈለግ ጀመርኩ። የድምፅ ገመዱን ከአምፑ ስነቅል ጸጥ አለ። እንግዲህ ጥፋቱ ከአምፑ በፊት ነው። ገመዱን መልሼ መቀበያውን ከመኪናዋ ኤሌክትሪክ ነቅዬ በስልክ ፓወር ባንክ አስነሳሁት። ሞተሩ እየሠራ ነው፣ ፉጨት የለም። እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ።

ነገሩ ማሳ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት ማለቴ ነው። አምፑን ከኋላ፣ መቀበያውን ከፊት ከላሜራው ጋር አገናኝቻቸዋለሁ። ብረት ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ግን ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል በሻሲው ውስጥ ሲመላለስ በፊትና በኋላ መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ልዩነት በድምፅ ገመዱ መጋረጃ፣ ማለትም ውስጡን በሚሸፍነው ብረት፣ በኩል መንገድ ያገኛል፤ አምፑ ከሙዚቃው ለይቶ አያውቀውም፣ እኩል ያጎላዋል። የመቀበያውን ማሳ ከፊት ነቅዬ በአንድ ሽቦ እስከ ኋላ ወስጄ አምፑ በታሰረበት በዚያው ብሎን ላይ አሰርኩት። ብሎኑ የፋብሪካ ነው፤ ቀለሙን እንኳ አልፋቅሁም፣ ከስር ያለውን ዝገት ብቻ አጸዳሁ። ፉጨቱ ጠፋ።

ስለ ስፒከሮቹም ልጻፍ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሐሳቤን ለውጫለሁ። መጀመሪያ ሁለት ስፒከር በእግር ማሳረፊያው ግራና ቀኝ፣ በወንበሩ ቀለም በለበሱ ተነቃይ ሰሌዳዎች ላይ አደረግኩ። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ባለው የእቃ ጉድጓድ ደግሞ 8 ኢንች ስፒከር ያለበት የተዘጋ ሳጥን በምንጣፉ ቀለም አልብሼ አስቀመጥኩ። ስቴሪዮው ንጹሕ ነው፣ ግራው ከግራ፣ ቀኙ ከቀኝ። ግን የዘፋኙ ድምፅ ከጉልበቴ በታች ይመጣል። ሰው ከወለሉ ተኝቶ የሚዘፍን ይመስላል። ደግሞም ይህች መኪና በዘመኗ አንድ አፍ ብቻ ነበራት፤ ከፍጥነት መለኪያው ጎን ያለችው ፍርግርግ።

ስለዚህ የድሮውን ስፒከር አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከነብሎኖቹ አስቀመጥኩት፣ በቦታው ላይ በእንጨት ቀለበት 4 ኢንች ስፒከር ገባ። ግራና ቀኙን አደባልቄ ወደ እሱ ላክሁ፣ የእግር ስር ስፒከሮቹን ደግሞ እስኪረሱ ድረስ ዝቅ አደረግኋቸው። ጆሯችን የቀጭን ድምፅን አቅጣጫ ለይቶ ያውቃል፤ የወፍራሙን ግን፣ በተለይ ከ80 ሄርትዝ በታች የሆነውን፣ ከየት እንደመጣ አይለይም። ቤዙ ከኋላ ቢሆንም አእምሮዬ ከፊት ካለው ድምፅ ጋር አንድ ያደርገዋል። አሁን ዘፈኑ በሙሉ ከዚያች ፍርግርግ ይወጣል። የስቴሪዮ ስፋት አጥቻለሁ፤ በቦታው የመኪናዋ ድምፅ ተመልሶልኛል። እኔ በዚህ ልውውጥ ደስተኛ ነኝ።

ትናንት ጋሼን ጠራኋቸው። ምንም አልነገርኳቸውም፤ «ይግቡ ጋሼ፣ ትንሽ እንዞር» ብቻ አልኩ። መንገድ ላይ ማዞሪያውን አዞርኩት። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙ፣ ቆይተው እጃቸውን ዘርግተው ዳሽቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፤ ቀለም ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት። የሬዲዮውን ጠርዝ በጥፍራቸው ዞሩት። «ሬዲዮውን ማን አሠራልህ?» አሉኝ። አልተሠራም ብዬ ነገርኳቸው። መኪናዋን አስቁመው የፊት ኮፈኑን አስከፈቱኝ፣ ካርቶኑን አንስተው ሽቦዎቹን ተከትለው አዩ፣ መልሰው ከደኑት። «ከመጣህበት እንድትመለስ አድርገህ ነው የሄድከው» አሉና ጋቢና ገቡ። ከጋሼ እንዲህ ያለ ቃል ማግኘት ቀላል አይደለም።

የሽቦውን ካርታ በእርሳስ ሠርቼ፣ የትኛው ሽቦ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ጽፌ ከድሮው ስፒከር ጋር በአንድ ከረጢት አኑሬዋለሁ። ከእኔ በኋላ ቮልሷን የሚይዛት ሰው ሳይቸገር እንዲፈታው ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቤዙ አንዲት ወፍራም ድምፅ ላይ ሲደርስ የቀኝ በር ውስጥ የሆነ ላሜራ «ዝዝ» ይላል። ንዝረት የሚውጠውን ጎማ መሳይ ሽፋን በሩ ውስጥ ብለጥፍ ዝም ይላል፤ እሱ ግን አንዴ ከተለጠፈ ቀለሙን ይዞ ካልሆነ አይነሳም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የበሩን ልብስ አወጣለሁ፣ በእጄ እየጫንኩ የሚንቀጠቀጠውን ቦታ እፈልጋለሁ። የለቀቀ ብሎን ከሆነ አጠብቀዋለሁ። ካልሆነ ወፍራም ሱፍ ጨርቅ ሳላጣብቅ ላስገባበት አስቤያለሁ።