የባሕር አስተር

ዛሬ ኖርፎልክ ነበርኩ፤ የእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ። ባሕሩ ሲሞላ የሚያጥለቀልቀው ጨዋማ ረግረግ ውስጥ፣ ጭቃው ላይ፣ ፈዛዛ ሐምራዊ አበባ ቆሟል። መሐሉ ቢጫ ነው። የባሕር አስተር!

መለየት ከፈለጋችሁ ቅጠሉን ዳስሱት። ወፍራም፣ ልሙጥ፣ ውኃ የቋጠረ ነው። ለጌጥ የሚተከሉት የጓሮ አስተሮች ቅጠል ግን ስስ ነው። ጫፉን ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። ሆላንድ ውስጥ ለጋው ቅጠል እንደ አትክልት ይበላል። አበባው ብቻውን ግን ያሳስታል፤ አንዳንዱ ሐምራዊውን ጭራሽ አያወጣም፣ ቢጫው ብቻ ነው።

የስዊድኑ የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ከአስተሮች ጋር መድቦት ነበር፤ ዛሬ ትሪፖሊየም በሚባል ወገን ተለይቷል።

እኔን ደስ ያሰኘኝ ከአደይ አበባና ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው። እንደ አደይም መስከረም ላይ ይገኛል። ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ቢጫው አንድ አበባ አይደለም፣ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው ነው። አደይም እንዲሁ ናት። ይህን አበባ በዋናነት የሚቀስም የንብ ዓይነት እንኳ አለ።

ለማየት የምትሄዱ፣ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ሳታጣሩ እንዳትገቡ። ውኃው በየቦዩ ሳይታወቅ ገብቶ መመለሻ ያሳጣል።