የአባቴ ጫት

ቅዳሜ ከሰዓት ከድሬ በሚኒባስ ወደ ሐረር ወጣሁ። ደንገጎን እንዳለፍን አየሩ ተለወጠ፤ ድሬ ላይ በላብ የራሰው ሸሚዜ ሐረማያ ስንደርስ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። በመስኮት ሐይቁን አየሁት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጭራሽ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አውቀዋለሁ፣ አሁን ውኃ ተመልሶበታል። ያኔ ለሐረር ከተማም፣ ለአትክልቱም፣ ለጫቱም ሁሉም ፓምፑን ደቅኖ ሲስብበት ነበር፣ ደለሉም ሞላው። ጫት ውኃ ይወዳል። ይሄን የምለው የጫት ልጅ ሆኜ ነው።

የመጣሁት ለመቁረጥ እንጂ ለመቃም አይደለም። ካምፓስ እያለሁ ከምግብ ይልቅ በርጫ ነበር የሚያሳስበኝ፣ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

የኛ ጫት እርሻ የሚባል አይደለም። በሐኪም ጋራ በኩል ከቤታችን ጀርባ ያለች ሠላሳ አራት እግር ናት። ሁሉንም አባቴ ነው የተከላቸው። በፊት ቦታው ላይ ቡና ነበር። ቡና በዓመት አንዴ ነው ገንዘብ የሚያሳየው፣ ጫት ግን ውኃ ካገኘ ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ልጅ ደግሞ በየወሩ ደብተርና ጫማ ይፈልጋል። ስለዚህ ቡናውን ነቀለና ከጎረቤት የጫት ግንድ ስር የበቀለውን እየገነጠለ ተከለ። እስኪያርፍ ድረስ ማንንም አላስነካም። የኔ ሥራ ገራባውን፣ የተረፈውን የማይቃም ቅጠልና እንጨት፣ ጠራርጎ ለፍየል መስጠት ብቻ ነበር።

እሑድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እማዬ ቀሰቀሰችኝ። ጅቦቹ ገና ወደ ጋራው አልተመለሱም፣ ይሰማሉ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ባትሪያቸውን ይዘው ቀድመውኝ ቆመዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ ነው የምላቸው። የያዝኩትን ቢላ አዩና፣ «አስቀምጠው ልጄ፣ ጥፍር ይበቃል» አሉኝ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቀላ ያለውን፣ ለስላሳውን ቀንበጥ ከአንጓው በላይ ትቀነጥሳለህ። ጣትህ መካከል ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ልጥ ሆኖ ከተከተለህ አርጅቷል ማለት ነው። ከባዱ ነገር የምትቆርጠው ሳይሆን የምትተወው ነው። ለሚቀጥለው የሚያድግ ቀንበጥ ግንዱ ላይ መቅረት አለበት፣ ያንን ደግሞ በጨለማ፣ በጤዛ በራሰ እጅ፣ ከኋላህ «ቶሎ ቶሎ» እያለ የሚያጣድፍህ ሰው እያለ መለየት አለብህ። ሦስተኛዋን እግር ጨርሼ ኮራ ብዬ ዞር ስል አባባ ባትሪውን አበሩባት፣ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ይቺን እኮ ላጨሃት።»

ሌላ አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግንድ በነካሁ ቁጥር መጀመሪያ የምተወውን እየፈለግኩ ነበር፣ እሳቸው አሥር እግር ሲጨርሱ እኔ አራት።

የሚያስቸኩለው ነገር ለማያውቅ ሰው ይገርመዋል። ሌላ ሰብል ታጭዶ ይከመራል፣ ጫት ግን ከተቆረጠባት ደቂቃ ጀምሮ እየሞተ ነው። ምርቃናውን የሚያመጣው ካቲኖን የሚባለው ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይለወጣል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ካልተቃመ ዋጋው የገራባ ነው። ወደ ጅቡቲና ወደ ሐርጌሳ የሚሄዱት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ ያጋጠማችሁ ታውቃላችሁ፣ ዳር ይዛችሁ ዱዓ ነው።

ሲነጋ ሰሌን ዘርግተን ማሰር ጀመርን። የታችኛውን ደረቅ ቅጠል ታራግፋለህ፣ አንድ ቁመት ያለውን ከአንድ ቁመት ታገናኛለህ፣ ጫፉን ታስተካክልና አስረህ በሙዝ ቅጠል ትጠቀልላለህ። የኔዎቹ የተበጠረ ፀጉር ሳይሆን ከእንቅልፍ የተነሳ ሰው ይመስላሉ። ከአወዳይ የምትመጣዋ ነጋዴ 2 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብላለች፣ እኔ ገና አምስተኛው ላይ ነኝ።

እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ወደ መድኃኔዓለም ልትሄድ ወጣች። ጫት አትወድም። አባቴ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲቅም በር ዘግታ ትቀመጥ ነበር፣ ቄሱም ነገር ይላሉ። አየችኝና ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። ወላሂ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እጇን አታየውም እንኳን፣ ታራግፋለች፣ ታስተካክላለች፣ ታስራለች፣ እኔ አንድ ሳስር እሷ አራት። አባባ ሳቁ። ለካ ያኔም እኛ ሳንነሳ የምታስረው እሷ ነበረች። አባቴ ቆራጭ እንጂ አሳሪ አልነበረም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምኑን? ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ገንዘቡ ለአባቴ ሙት ዓመት ነው። በጫት የተገዛ በግ፣ በጫት የተገዛ ጧፍ። ሁለታችንም ስለዚህ አላወራንም። ነጋዴዋ መጥታ የእማዬን እስር አንስታ አየች፣ የኔን አንስታ አየች፣ ሁለቱን ለየብቻ ክምር አደረገችና ለኔ ክምር ሌላ ዋጋ ጠራች። ልከራከር አፌን ስከፍት እማዬ በዓይኗ አስቆመችኝ። እሷ ስትጨርስ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጥባ፣ አሽትታ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቅዳሴው ሳያልቅ አልቀረም።

ከሰዓት ወደ ድሬ ስወርድ ጣቶቼ ገና አረንጓዴ ናቸው፣ ጥፍሬ ስር ጥቁር ገብቷል። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሐረማያ ጀምሮ እጄን እያየ ነበር። ደንገጎ ላይ አላስቻለውም።

«አቦ፣ ትንሽ እንኳ አላስተረፍክም?»